ቺንጋ የማይነካ ጥገና

የአሮጌ ናፍጣ ሃይሉክስን የታይሚንግ ቺንጋ ጋምቤላ ክልል አቦቦ ላይ በገዛ እጅ መቀየር ያዋጣል? እጅግ ያዋጣል፤ ቺንጋው እስካልተነካ ድረስ። መኪናው 100,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ዳሽቦርዱ ላይ ቺንጋ ቀይር የምትል አንዲት መብራት ትበራለች። መብራቷ ቺንጋውን አይታው አታውቅም፤ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የምትቆጥረው። ቺንጋውን ልቀይር ያለ ሰው በጋምቤላ ሙቀት ፋን ሲያወርድ፣ የክራንክ ፑሊ ሲታገል፣ ምልክት ከምልክት ሲያገጥም ይውላል፤ አንድ ጥርስ ከዘለለ ደግሞ ድካሙ ሁሉ ከንቱ። መብራቷን ለማጥፋት ግን በአንዳንዱ ሞዴል ከዳሽቦርዱ ጀርባ አንዲት ብሎን ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ማዛወር ይበቃል። ውጤቱ ያው ነው፦ መብራት የለም።

«አልዌሮ ግድብ አጠገብ ቢበጠስስ?» የሚል ሟርተኛ አይጠፋም። ቢበጠስ ፒስተንና ቫልቭ ይላተማሉ፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን የተላተመ ሞተር ቺንጋ ቀይሩልኝ ብሎ ባለቤቱን አያስቸግርም፤ ጥያቄው ከሥሩ ተፈታ ማለት ነው። መኪናውም ቢሆን ሥራ አልፈታም። በገመድ ታስሮ ወደ ጋምቤላ ከተማ ሲጎተት የኋላ ጎማው እስከዞረ ቆጣሪው ይቆጥራል፤ ወደሚቀጥለው መብራት ጉዞ ጀምሯል።