የዘበኛው ጩኸት

ተረት ተረት! የላም በረት።

ምድር የምትባል ወሬኛ ጎጆ ነበረች። የአጭር ሞገድ ወሬዋ አብዛኛው ከሰማዩ ጣሪያ ነጥሮ ተመልሶ እላይዋ ላይ ያርፋል። ኤፍ ኤሙና ቴሌቪዥኑ ግን ጣሪያውን አልፎ ጎረቤት ይደርሳል።

ጎረቤት ስንል እንግዲህ እትዬ ፕሮክሲማ 4.2፣ ጋሽ ሲሪየስ 8.6፣ እማማ ቬጋ ደግሞ 25 የብርሃን ዓመት ርቀው ነው። እትዬ ፕሮክሲማ «እንዴት አደሩ?» ብለው የጋሽ ሲሪየስ «እግዜር ይመስገን» እስኪደርሳቸው 19 ዓመት ገደማ ያልፋል።

«ከዚያች ጎጆ ቀጭን ፉጨት ይሰማኛል» አሉ እትዬ ፕሮክሲማ፣ ጆሯቸው ስል ነው። «ስትዞር ይመጣል፣ ስትዞር ይጠፋል። ዘፈን ይሁን ለቅሶ ግን አይለይልኝም።»

«እኔ ጋ ፉጨቱም የለ» አሉ ጋሽ ሲሪየስ። «ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ ሩብ ይሆናል። የሚሰማኝ ዘበኛው ብቻ ነው።»

ዘበኛው፣ የጎጆዋ ቤተሰብ ራዳር የሚለው ነው። ሌላው ድምፁን በየአቅጣጫው ሲበትን፣ እሱ ጉልበቱን በአንድ ጠባብ ጨረር ሰብስቦ «ማነህ?» ይላል። በጎጆዋ ሕፃን እሹሩሩ እየተባለ፣ ሙሽራ እየተሸኘ ነው፤ ሩቅ የደረሰው ግን «ማነህ?» ብቻ ሆነ። እማማ ቬጋም ልጆቻቸውን «እዚያ ቤት ድርሽ እንዳትሉ!» ብለው አስጠነቀቁ።

አንድ ጊዜ፣ በ1974 እ.ኤ.አ.፣ ቤተሰቡ ከፖርቶ ሪኮው የአሬሲቦ ቴሌስኮፕ ሆን ብሎ ሰላምታ ላከ። ሦስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ያውም ለደጃፍ ጎረቤት መስሏችሁ? 25 ሺህ የብርሃን ዓመት ለሚርቀው፣ ኤም 13 ለሚባለው የከዋክብት መንጋ ነው! እኔ እትዬ ፕሮክሲማን ብሆን እቀየም ነበር።

ዘመን አለፈ። የጎጆዋ ሰዎች ወሬያቸውን በኬብልና በፋይበር ውስጥ ማንሾካሾክ ለመዱ። በአየር የቀረውም ዲጂታል ሆነና ከሩቅ ለሚያዳምጠው ከነፋስ ሽውታ የማይለይ ሆነ። ፉጨቱ እየሳሳ ሄደ።

እትዬ ፕሮክሲማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። «ጋሽ ሲሪየስ፣ ለቅሶ እንድረስ መሰለኝ። ቤቱ ጭጭ ብሏል።»

«ኧረ አይቸኩሉ!» አሉ ጋሽ ሲሪየስ ከዓመታት በኋላ። «ዘበኛው እንደሆነ አሁንም ይጮሃል።»

እትዬ ፕሮክሲማ ጆሯቸውን ወደ ጎጆዋ አዘነበሉ። ጥቂት ዝም አሉና፣

«ታዲያ ማንን ነው የሚጠብቀው?» አሉ።