ቡችላን በተንቀሳቃሽ ቤት ስለማጓጓዝ፦ ከተክለ ሃይማኖት የተነሣ ጥናት

በፈረንጅ አገር ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ቤታቸውን ይቆልፉና አልጋ፣ ምድጃና ሽንት ቤት የተገጠመለት መኪና ገዝተው፣ ሁለት ትንንሽ ውሾች አሳፍረው አገር ላገር ይዞራሉ። ስለዚህ ኑሮ የተጻፈው ምክር ለጉድ ነው፤ ውሻው የት ይታሰር፣ ውሃ መቼ ይጠጣ፣ መስኮት ይከፈትለት ወይስ ይዘጋበት። የእኛ ምሁራን ግን ጉዳዩን ዞር ብለው አላዩትም። ተንቀሳቃሽ ቤት የፈረንጅ ነው፣ እኛ የለንም ብለው አምነዋል። ይህ ጥናት መጀመሪያ ያንን ያርማል። ተንቀሳቃሽ ቤት አለን። ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ነው፤ አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ዳር ቆሞ «አንድ ሰው የሞላ!» እያለ ይጣራል፤ ስትገባ ግን ገና አምስት ሰው ይጎድለዋል።

ቤት በሕግ ፊት ምን ማለት እንደሆነ ለሕግ ባለሙያ እንተወው። በሰፈራችን መለኪያ ግን ሰው ቁርሱን የበላበት፣ ፊቱን የታጠበበት፣ ቀትር ላይ ጋደም ያለበትና ሲናደድ ሌላውን «ውጣልኝ!» ማለት የቻለበት ቦታ ቤት ነው። ቶዮታ ሃይስ አራቱንም ያሟላል። ረዳቱ ከበሩ ሥር ባስቀመጣት ጄሪካን ይታጠባል፤ ፍርፍሩን ከፌስታል ውስጥ ይበላል፤ ተራው እስኪደርስ የኋላ ወንበር ላይ ጃኬቱን ፊቱ ላይ ጥሎ ይተኛል። መስኮቱ ዘርፍ ያለው መጋረጃ ለብሷል። ከሹፌሩ አናት በላይ ሥዕለ አድኅኖ ወይም የመካ ሥዕል አለ። የሞተሩ ክዳን እንኳ ምንጣፍ ተነጥፎለታል፤ ስንት ባለ ሳሎን አለ ይህን ያላደረገ! በንጽጽር፣ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ባቡር ምንም እንኳ በደርማር በኩል በራፋችን ላይ ቢያልፍም ከጥናቱ ውጭ ሆኗል። ባቡሩ ውስጥ ፊቱን የታጠበ ሰው አላየንም።

ቤትን ይዞ መጓዝ ደግሞ ለዚህች አገር ብርቅ አይደለም። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1512 ዓ.ም. መጥቶ ያየው የአፄ ልብነ ድንግል ከተማ ድንኳን ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ገበያውም፣ ማድ ቤቱም ተነቅሎ ይጓዛል፣ ደርሶ ይተከላል። ሞተር ብቻ ነበር የጎደለው። ሞተሩ ሲመጣ ደግሞ ብቻውን አልመጣም። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ በብዙ ቦታ መንገድ የሚባል ነገር ሳይኖር መኪናውን አዲስ አበባ ሲያስገባ፣ ከተጓዦቹ አንዱ ቡልዶግ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ መኪናዋን ተሳፍረውባታል፤ ክሊፎርድ ሃሌ የተባለ ሰውም የጉዞውን ታሪክ ጽፎ በ1913 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። ለእኛ የሚጠቅመው ነጥብ ይህ ነው፦ በከተማዋ ታክሲ ሳይኖር፣ ተራ አስከባሪ ሳይኖር፣ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሳይባል፣ በመኪና የገባ ውሻ ነበር። በቅድመ መምጣት ከሆነ ቦታ መልቀቅ ያለብን እኛ ነን። (ቡልዶግ ትንሽ ውሻ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ለሌላ ጊዜ ይቆየን።)

በትንሽነቱ የማያከራክረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ውሻ ሉሉ ነው። ቺዋዋ ነበር፤ ከቤተ መንግሥቱ ምንጣፍ እስከ ንጉሠ ነገሥቱ ጭን ድረስ ያልረገጠው የለም፤ መቃብሩም በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ግቢ ነው። ፖላንዳዊው ጸሐፊ ካፑሽቺንስኪ በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሉሉ የመኳንንቱ ጫማ ላይ ሲሸና በጨርቅ የሚወለውል ሹም ነበር ብሏል። እውነትነቱን የሚጠራጠሩ ብዙ ናቸው። የሃይስ ረዳቶች ግን ታሪኩን ሲሰሙ አይገርማቸውም፤ የሚጠይቁት ሹሙ በቀን ስንት ይከፈለው እንደነበር ነው።

ወደ ታክሲው እንመለስ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነው።

በታክሲ ውስጥ ነፍስ ያለው ፍጡር ሁሉ ማዕረጉ የታወቀ ነው። ሰው ሂሳብ ይከፍላል። ሕፃን ታቅፈውት እስከሄዱ ድረስ በነፃ ነው፤ እግሩ ወለል ከነካ ግን እናት «ገና አራት ዓመቱ ነው» ትላለች፣ ረዳቱ «ማዘር፣ ይሄ እኮ ጢም ሊያወጣ ነው» ይላል፣ በግማሽ ይታረቃሉ። ዶሮ እግሯን ታስራ ከወንበር ሥር ትገባለች፤ ዕቃ ናት። በግ በበዓል ዋዜማ ፖርቶ መጋላ ላይ ይወጣል፤ ሂሳቡ በድርድር ነው፤ ባለቤቱም ከሥር ሆኖ ጣራው ሲረገጥ በሰማ ቁጥር በኩራት ወደ ላይ ያያል። ሌላውም ተሳፋሪ «ስንት ገዛኸው?» ይለዋል። በግ ባለቤቱን ያስከብራል።

ቡችላ ከነዚህ ሁሉ መሀል የትም የለም። ዕቃ እንዳይባል ያለቅሳል። ሰው እንዳይባል ውሻ ነው። እንደ በግ እንዳይከበር አይበላም። ታሪፍ የለውም፤ «ቡችላ አይጫንም» የሚል ጽሑፍም በራፉ ላይ አልተለጠፈም፤ ትራፊክ ፖሊስም ቢያስቆም ትርፍ ብሎ ሊቆጥረው አይችልም። ያልተፈቀደ፣ ያልተከለከለ መንገደኛ ነው። ስለዚህ የሚጓዘው በአንድ ዘዴ ብቻ ነው፦ አስራ ሁለት ሰው እንዳላየው በመስማማት። የጥናቱ ዋና ግኝት ይኸው ነው። ስምምነቱ የሚጸናው ደግሞ አንድ ሰው አፉን እስኪከፍት ነው።

ማሸጊያው ብዙ ዓይነት ነው። ዘንቢል ይገኛል፤ ዚፑ እስከ ደረት የተዘጋ ጃኬት ይገኛል፤ ከላይ ደብተር የተነሰነሰበት የተማሪ ቦርሳም አለ። ከሁሉ ተመራጩ ግን የብስኩት ካርቶን ነው። ጎኑ በእስክሪብቶ ይበሳል። ቀዳዳው ለአየር ነው ቢባልም፣ በተግባር ጥቁርና እርጥብ አፍንጫ ማውጫ ነው። አፍንጫው ብቅ ይላል፤ ባለቤቱ ወደ መስኮት እያየ በአውራ ጣቱ መልሶ ያስገባዋል፤ በቀጣዩ ቀዳዳ ይወጣል። ከተክለ ሃይማኖት በሰንጋ ተራ አድርጎ ሜክሲኮ እስኪደረስ ይህ ሥራ ዕረፍት የለውም። አጠገብ የተቀመጠው ሰው ሁሉንም ያያል፤ ግን ስልኩን እየነካካ ነው።

ከዚያ ጩኸቱ ይጀምራል። መጀመሪያ ማንም ውሻ ነው አይልም። «ቺንጋው ነው» ይላል ከኋላ አንዱ። ሹፌሩ በመኪናው መጥቶበታልና ዝም አይልም፤ «ቺንጋውማ ትናንት ነው የተቀየረው።» «እንግዲያው ፍሬን ሸራው ነው» ይላል ሌላው፣ ያውቃል። ውይይቱ ከመለዋወጫ ዋጋ ወደ ዶላር፣ ከዶላር ወደ መንግሥት ሊሻገር ሲል መብራት ይይዛል። ሹፌሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር ያጠፋል። መኪናው ፀጥ ሲል ፍሬን ሸራው ማልቀሱን ይቀጥላል።

«ማዘር፣ ምንድን ነው እሱ?»

«ዕቃ ነው።»

«ዕቃው እኮ እያለቀሰ ነው።»

«ርቦት ነዋ።»

ከዚህ በኋላ የሚሆነው እንደ ቀኑ ይለያያል። ወር በገባ በ24 ከሆነ፣ ታክሲው ውስጥ ደብረ አሚን ተክለ ሃይማኖትን ተሳልመው የወጡ ባለ ነጠላዎች ይበዛሉ፤ ውሻ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንደማይገባ ያውቃሉና ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ፈቀቅ ይላሉ። ዓርብ ቀትር ከሆነ ውዱእ አድርገው ወደ አንዋር መስጊድ የሚሄዱ አሉ፤ በሻፊዒ መዝሀብ የውሻ ምራቅ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ይታጠባልና እነሱም ጀለቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ፈቀቅ ይላሉ። ሁለቱ እምነቶች በየራሳቸው መንገድ ሄደው እዚያው የኋላ ወንበር ላይ ይገናኛሉ። ባለካርቶኗ ሦስት ሰው በሚጠብበት ወንበር ላይ ብቻዋን ተንሰራፍታ ትሄዳለች። ቡችላ የያዘ ሰው በታክሲ ተጣቦ የማያውቀው ለዚህ ነው፤ ጥቅሙ ገና በሕዝብ ዘንድ አልታወቀም።

አዛውንቶቹ ግን ከሃይማኖት ይልቅ የሚያስቡት ፓስተርን ነው። ዛሬ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሆነውና ሰፈሩን በስሙ ያስጠራው ፓስተር፣ የእብድ ውሻ በሽታ መድኃኒት የሚዘጋጅበት ቤት ነበር፤ የተነከሰ ሰው ለብዙ ቀናት ሆዱን ይወጋ እንደነበር የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ያስታውሳል። አንድ አባባ ካርቶኑን አየት ያደርጉና ሆዳቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። ይህን ጊዜ ከመርካቶ የመጣ ሌላ ታክሲ በመስኮት በኩል «ፓስተር! ፓስተር!» እያለ ካለፈ፣ ማስፈራሪያ እንዳልሆነ ለማስረዳት ጊዜ ይወስዳል።

ስምምነቱ አንዴ ከፈረሰ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ያላየ የነበረው ሁሉ አዋቂ ይሆናል። «እስቲ ክፈቺው» ይባላል። ክዳኑ ሲከፈት፣ ዓይኑ ገና በደንብ ያልተገለጠ፣ ሆዱ የተነፋ፣ ከሰፈር ውሻ የተወለደ ነጭና ቡኒ ቡችላ ይታያል። «ጀርመን ነው» ይላል ከጋቢና አንዱ ዞር ብሎ። እስካሁን በአዲስ አበባ ታክሲ ተጭኖ ጀርመን ያልተባለ ቡችላ አልተገኘም። ሌላው ማጅራቱን ይዞ ያነሣዋል፤ ካልጮኸ ጀግና ነው፣ ከጮኸ ደግሞ ንቁ ነው። ሦስተኛው አፉን ፈልቅቆ ላንቃውን ያያል፤ ጥቁር ከሆነ ክፉ ይወጣዋል ይባላል፣ ክፉ መሆን ደግሞ በውሻ ገበያ ሙገሳ ነው። ቅድም ነጠላዋን ሰብስባ የነበረችው ሴትዮ ሳትቀር ከሩቅ ሆና «ወተት በውሃ አቅጥነሽ ስጪው፣ ንጹሑ ሆዱን ይነፋዋል» ትላለች። ረዳቱ ብቻ ያዝናል። እንደ ዕቃ ሊያስከፍልበት ይችል የነበረው ጊዜ አልፏል፤ አሁን ቡችላው የሁሉም ሆኗል።

ባለሙያ የሆነ ሹፌር ካርቶኑን ይቀበልና ሞተር ላይ ያስቀምጠዋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሃይስ ሞተር ከፊት ወንበሮች ሥር ነው፤ ክዳኑ በክረምት ለሰው መቀመጫ፣ በበጋ ለሰው መቀጫ ነው። ለቡችላ ግን ከእናቱ ሆድ ቀጥሎ ያለው ምርጥ ቦታ እሱ ነው፤ ይሞቃል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ዝም አይልም። ጩኸቱ ወዲያው ይቆማል። ፈረንጆቹ ተንቀሳቃሽ ቤታቸውን ሲሠሩ ሞተሩን ወደ ፊት አርቀው መኮፈኛ ውስጥ ስለዘጉት ይህ ጥቅም ቀርቶባቸዋል።

ጭነቱ እንዲህ ሲሆን፣ ተመላሽ ጉዞ የሚባል ነገር የለም። ቡችላው ከደረሰበት ሰፈር አድጎ በር ጠባቂ ይሆናል፤ የክትባት ቀን ሲመጣ ግን ካርቶን አይችለውም፣ እንዳላየ ማለፍም አይቻልም። ኮንትራት መያዝ ግድ ነው። ኮንትራቱ ላይ ሹፌሩ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ለዘበኛ ውሻ መልሱ ቀላል ነው። ችግር የተፈጠረው ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ ነው። ባለፈው ክረምት ከተክለ ሃይማኖት ጀርባ ካለ ግቢ አንዲት ዳያስፖራ ወጣች፤ የአንገት ማሰሪያው የሚያብረቀርቅ፣ ሹራብ የለበሰ፣ ከድመት የማይበልጥ ውሻ በብብቷ ይዛለች። አንድ ላዳ ታክሲ ቆመ። ሹፌሩ መስኮቱን በእጁ እየዘወረ አወረደና ውሻውን ከጆሮ እስከ ጭራ መረመረው።

«ይናከሳል?»

«ኧረ በጭራሽ! አይናከስም።»

«ይጮኻል?»

«እሱንም አያውቅ።»

ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። «ታዲያ ሥራው ምንድን ነው?»