የአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢ፦ ዝርያው፣ ጠባዩና የእንግዳ አያያዙ

ስለ ዋልያና ስለ ቀይ ቀበሮ ብዙ ተጠንቷል። በየሰፈሩ ስለሚገኘው ስለ አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢ ግን ወግ ያለው ጥናት ያደረገ የለም። ዋልያ ከሰሜን ተራሮች አይወርድም፤ ሰብሳቢው ግን ደጋም ይሁን ቆላ፣ ቁምሳጥን እስካለ ድረስ ይኖራል፤ ቁምሳጥኑ ሲሞላ ደግሞ ወደ አልጋ ሥር ይስፋፋል። ይህ ጽሑፍ የጎደለውን ለመሙላት የቀረበ ነው።

መረጃው የተገኘው ከዘመድ ሳሎን፣ ከለቅሶ ድንኳንና ከመርካቶ ምናለሽ ተራ ነው። ተጠኚዎቹ ስለ ዕቃቸው እንዲናገሩ ማግባባት አላስፈለገም። ዝም ማሰኘቱ ግን ከጥናቱ አቅም በላይ ሆኖ ተገኝቷል።

፩. ዝርያ

ሰብሳቢ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ወራሽ ነው። አባት ሲያርፉ ወንድሞቹ ቤቱንና ቦታውን ሲካፈሉ፣ የከሰል ካውያው የደረሰው ሰው ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ያኮርፋል። ዓመታት ሲያልፉ ግን ካውያውን ሳሎን አውጥቶ፣ "ዋናውን ቅርስ የወሰድኩት እኔ ነኝ" ማለት ይጀምራል። ወንድሞቹም አይከራከሩትም፤ ቦታው እነሱ ዘንድ ነዋ።

ሁለተኛው ሸማች ነው። ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ፣ በምሳ ሰዓት ቁጥሩ በጣት እየተሽከረከረ የሚደወልበት ጥቁር ስልክ ታቅፎ ይመለሳል። ስልኩ ገመድ የለውም። "ዳቦውስ?" ተብሎ ሲጠየቅ፣ ስልኩ የማን ቢሮ እንደነበረ ያስረዳል።

ሦስተኛው ሳይወድ ሰብሳቢ የሆነ ነው። ይህ ወገን በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ሲቀየሩ በአንድ ጊዜ በርክቷል። የመቀየሪያው ጊዜ ካለፈ በኋላ ከፍራሽ ሥር፣ ከመጽሐፍ መሃል ወይም ከሟች አያት መቀነት የተገኘ መቶ ብር ሁሉ፣ ባለቤቱን በአንድ ሌሊት የጥንታዊ ገንዘብ ሰብሳቢ አድርጎታል። እነዚህ ሰዎች ስብስባቸውን ለእንግዳ ሲያሳዩ ፊታቸው ላይ የሚነበበው ደስታ ከሌሎቹ ጥቂት ያንሳል።

፪. ዕቃው ከቤት ወጥቶ ቤት እስኪገባ

ዕቃ ከቤት የሚወጣው በሁለት ጥሪ ነው። አንደኛው "ቁራሌው!" ሲሆን ሁለተኛው "ልዋጭ!" ይባላል። ሁለቱም በሰፈሩ የሚያልፉት ሰብሳቢው ሥራ ከገባ በኋላ መሆኑ እንደ አጋጣሚ ተመዝግቧል። የቤቱ እመቤት ለዓመታት አቧራውን የጠረገችለትን ነገር በአንድ የፕላስቲክ ሳፋ ትለውጠዋለች። ሳፋው ውሃ ይይዛል፤ የተለወጠው ዕቃ ምን ይይዝ እንደነበር ተጠይቃ "ቦታ" ብላለች።

ከዚያ ዕቃው ወደ ምናለሽ ተራ ይወርዳል። ምናለሽ ተራ በርሜሉ ምድጃ፣ ጎማው በረባሶ የሚሆንበት፣ ከንቱ የተባለ ነገር ሁሉ ዳግመኛ ሥራ የሚያገኝበት ስፍራ ነው። ሥራ ያላገኘው ደግሞ "አንቲካ" ይባልና ዋጋው ይጨምራል።

ሰብሳቢው እዚህ ሲደርስ የሚያሳየው ጠባይ በጣም የታወቀ ነው። የሚፈልገውን ዕቃ ፈጽሞ አያይም። ከጎኑ ያለውን የተሰበረ ማራገቢያ አንስቶ ያገላብጣል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ይወደድብኛል ብሎ ያስቀምጣል። ሊሄድ ዘወር ካለ በኋላ፣ ድንገት ትዝ ያለው ይመስል፣ "ይሄኛውስ ፋኖስ ምን ያወጣል?" ይላል። ነጋዴው ይህን ትያትር ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያይ ያደገ ስለሆነ፣ ጋሼ ገና ማራገቢያውን ሲያነሱ የፋኖሱን ዋጋ ጨምሮ ጠብቋል።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ የቤተ መንግሥት ዕቃ ነው።"

"በምን አወቅህ?"

"የሸጠልኝ ሰውዬ ነው የነገረኝ።"

ለሰብሳቢ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። አንዳንድ ጊዜ ተገዝቶ የሚመለሰው ካውያ ባለፈው ወር ከዚያው ቤት የወጣው ይሆናል። ይህ ሲደርስ እመቤቲቱ ካውያውን ለይታ ዝም ትላለች፤ ባልዬው ግን በእጀታው ላይ ያለውን ቃጠሎ እያሳየ ከየትኛው ጌታ ቤት እንደመጣ ያብራራል።

፫. የዕድሜ ጥያቄ

የአሮጌ ዕቃ ዕድሜ በላዩ ተጽፎ ቢገኝ ክርክር ያበቃል ብሎ የሚያስብ ሰው ማርትሬዛ ይዞ አያውቅም። ጠገራ ብር የምንለው ይህ ገንዘብ እያንዳንዱ ላይ እ.ኤ.አ. 1780 የሚል ዓመት አለው። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ያረፉት በዚያው ዓመት ነው። ነጋዴው ግን መልኩን ስለለመደና ሌላ ስለማይቀበል፣ አታሚዎቹ ዓመቱን ሳይነኩ ማተሙን ቀጠሉ። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲሰናዳ እ.ኤ.አ. በ1935 ሮም ላይ ያሳትመው ጀመር፤ እንግሊዞችም ለንደንና ቦምቤይ ላይ አሳተሙት። ኦስትሪያ እስከ ዛሬም ታትመዋለች። ስለዚህ 1780 የሚል ብር ከባለቤቱ የመጨረሻ ልጅ ሊያንስ ይችላል።

ሰብሳቢው ይህን ሲሰማ አይደነግጥም። ብሩን ከድንጋይ ላይ ጣል አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል፣ እንደ ጥንቱ ሰው የንግሥቲቱን የዕንቁ ጌጥ ነጥቦች ይቆጥራል፣ በመጨረሻም "የእኔው የመጀመሪያው ነው" ይላል። በየቤቱ የሚገኘው ማርትሬዛ ሁሉ የመጀመሪያው መሆኑ ለዚህ ጥናት ትልቁ እንቆቅልሽ ነው።

የምኒልክ ብር ደግሞ ሌላ ጠብ አለው። ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ ፓሪስ እየታተመ የመጣው ይህ ብር በአንድ ገጹ ንጉሠ ነገሥቱን፣ በሌላው ዘውድ የጫነና ሰንደቅ የያዘ አንበሳ ያሳያል። አንበሳው የግራ እግሩን ያነሳበት አለ፤ የቀኝ እግሩን ያነሳበትም አለ። ሁለት ሰብሳቢዎች በዚህ ጉዳይ የተገናኙ እንደሆነ "ግራ" ሲባል የአንበሳው ግራ ነው ወይስ የተመልካቹ የሚለው ሳይፈታ እራት ይቀርባል፣ ይበላል፣ ይነሣል።

፬. የታሪክ ዕድገት ሕግ

ጥናቱ ከደረሰባቸው ግኝቶች ሁሉ ጽኑው ይህ ነው፦ ማንኛውም አሮጌ ዕቃ፣ በቂ ጊዜና በቂ እንግዳ ካገኘ፣ ታላቅ ታሪክ ወደተፈጸመበት ቦታ በራሱ ይሄዳል።

የክንድ ማስደገፊያ ያለው ወንበር በመጀመሪያው ዓመት "የአንድ ሹም" ነው። በሦስተኛው ዓመት ሹሙ ራስ ይሆናሉ። በአምስተኛው ዓመት ጃንሆይ ተቀምጠውበታል። የጽሕፈት መኪናም እንዲሁ ነው፤ ፊደሉ የተበላው ኦሊቬቲ ሁሉ የተጻፈበት አዋጅ አለው። ንጉሡ ከዙፋን የወረዱበት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ ለሬዲዮኖች ልዩ ቀን ነው። ዜናውን በዚያን ቀን ያላሰማ አሮጌ ሬዲዮ ለማግኘት የተደረገው ፍለጋ እስካሁን አልተሳካም።

ከሕጉ ጋር የማይስማማ ማስረጃ ሲመጣ ማስረጃው ይስተካከላል። አንድ የምኒልክ ብር ባለቤት ብሩ ከአያታቸው አባት ጋር ዓድዋ ዘምቷል ብለው ይተርካሉ። በብሩ ላይ በግዕዝ ቁጥር የተቀረጸው ዓመት 1889 ነው። ዓድዋ የሆነው ደግሞ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ይህ በትሕትና ሲነገራቸው ብሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው ለረዥም ጊዜ ተመለከቱትና፣ "ልክ ነህ ልጄ፤ እሱ የመልሱ ነው" አሉ።

ይህም ሆኖ ዕቃው ራሱ የሚናገረው እውነት አንዳንድ ጊዜ ይገኛል። የእንጨት ሳጥን ያለው አንድ የፊሊፕስ ሬዲዮ ለምርመራ ቀርቦ ነበር። በመስታወቱ ላይ የከተሞች ስም ተደርድሯል፤ ቁልፉ ሲዞር ቀዩ ዘንግ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል፣ ጣቢያ ግን የለም። ባለቤቱ ስለ መስከረም 2 የሚናገሩትን ጨርሰው ሲያበቁ ከጀርባው ያለው ካርቶን ተፈታ። በውስጡ አቧራ፣ ከአምፖሎቹ አንዱ ሥር የደረቀ በረሮና በካርቶኑ ላይ በኮፒያ እርሳስ የተጻፈ የጠጋኝ ማስታወሻ ነበር፦ "ድምፁ ይቆራረጣል። ቀብድ ሁለት ብር። እሑድ ይወስዳሉ።"

ባለቤቱ ማስታወሻውን ሁለቴ አነበቡትና ስለ ጃንሆይ መናገር ተዉ። ጠጋኙ ፒያሳ ይሠራ እንደነበር፣ ሬዲዮውን እሑድ ለማምጣት ከእናታቸው ጋር በእግር ሄደው በታክሲ እንደተመለሱ፣ በታክሲው ውስጥ ሬዲዮውን ታቅፈው የተቀመጡት እሳቸው እንደነበሩ አወሩ። በዚህ ክፍል የተሰማው በጣም አጭሩም በጣም የታመነውም ታሪክ ይኸው ነው።

፭. ጠባሳ ዋጋ ሲሆን

የውጭ አገር ሰብሳቢ ንጹሕ ዕቃ ይወዳል። ካታሎጉ ከአናቱ የብየዳ ምልክት ያለበትን ብር "የተበላሸ" ይልና ዋጋውን ይቀንሰዋል። እዚህ አገር ያ ብየዳ ቀለበት የተሠካበት ነው፤ ብሩ በማተብ ወይም በድሪ ላይ ተንጠልጥሎ ከሴት አንገት ውሏል ማለት ነው። ከማጀት እስከ ገበያ፣ ከሠርግ እስከ ክርስትና ሄዷል። ጠባሳው ባይኖር ኖሮ ሃያ ስምንት ግራም ገደማ ብር ብቻ ነበር።

በሙዚቃ ሸክላም ያው ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969፣ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ ደፍሮ አምሃ ሬከርድስን ሲከፍት በመጀመሪያ ያወጣው የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ነበር። እነዚያ ባለ 45 ሸክላዎች ከብዙ ዓመታት በኋላ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ዘፈኖቹን "ኢትዮፒክስ" በሚል ተከታታይ ሲያሳትማቸው ዓለም ፈለጋቸው። ገዢው የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ ጭረት አለው? ልባሱ አለ? ወረቀቱ ላይ የተጻፈ ነገር አለ? ለሦስቱም መልሱ "አዎ" ነው፤ ልባሱ ግን የሌላ ሸክላ ነው።

ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የባለቤቱ ስም ነው። ቤት ለቤት ግብዣ ሲኖር ሸክላ ይዋሳል፣ ጠዋት ሲነጋ ይቀያየራል፤ ስለዚህ ሰው በእስክሪብቶ ስሙን ይጽፋል። አንድ ሸክላ ላይ ሁለት ስም ተገኝቷል፤ የላይኛው ተሰርዟል። ጭረቱ በአንድ ቦታ ብቻ፣ በመሃሉ ላይ፣ ብዙ ነው። መርፌው እዚያ ላይ ተደጋግሞ የተመለሰው ለምን እንደሆነ ካታሎግ አያስረዳም። የሰብሳቢው ሚስት ግን ታስረዳለች፤ የላይኛው ስም የእሷ ነውና።

፮. የእንግዳ አያያዝ

ለሰብሳቢ እንግዳ ማለት ገና ያልሰማ ሰው ነው። ዘመዶቹ ሁሉ ሰምተው ጨርሰዋል፤ ስለዚህ አዲስ አማች፣ የቆጣሪ አንባቢና የልጁ ጓደኛ በከፍተኛ አክብሮት ይስተናገዳሉ። አቀራረቡ የቡናውን ሥርዓት ይከተላል። በአቦል ዕቃው የት እንደተገኘ ይነገራል። በቶና የማን እንደነበረ ይተረካል። በበረካ ስንት ተብሎ እንደነበር፣ እንዴት እንዳልተሸጠ ይገለጻል። ከበረካ በፊት የሚነሣ እንግዳ ታሪኩን ሳይጨርስ የሄደ ስለሆነ በሚቀጥለው ጊዜ ከአቦል ይጀመርለታል።

ሰብሳቢን የሚያሰጋው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። እንግዳው ፋኖሱን አይቶ፣ "እንዴ! ይሄ እኮ እኛም ቤት ነበር" ይላል። ቤቱ ለአፍታ ጸጥ ይላል። ሰብሳቢው የእሱ ዕቃ ብርቅ መሆኑ ቀርቷል ብሎ ይከፋል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። የታየው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሲኒውን አስቀምጦ ወደ እንግዳው ይጠጋና፣ "እስቲ ንገረኝ፤ የት ነበር የምታስቀምጡት?" ይላል።

እንግዳው ይጀምራል። አያቱ መስታወቱን በአመድ እንዴት ያሹት እንደነበር፣ ማታ ማታ የክፍል ሥራውን በእሱ ብርሃን ሲሠራ ክሩን ከፍ ያደረገ ሰው እንዴት ይቆጡት እንደነበር፣ አንድ ቀን መስታወቱን ሰብሮ ጎረቤት ቤት እንዴት እንዳደረ ያወራል። ይህን ለልጆቹ ነግሯቸው አያውቅም፤ የጠየቀውም የለም። ሰብሳቢው አንድም ጊዜ ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው ያዳምጣል። በጥናቱ ዘመን ሁሉ እንዲህ ዝም ሲል የታየው በዚህ አጋጣሚ ብቻ ነው።

፯. ብይን

ሰውዬው የያዘው ፋኖስ፣ ካውያና የማይናገር ሬዲዮ መስሎ ለታየን ሁሉ፣ ጥናቱ የሚለው ሌላ ነው፦ ዕቃው ወጥመድ ነው፣ የሚያዘው የሰው ትዝታ ነው። አቧራውን በተመለከተ እመቤቲቱ ትክክል ናት። ዓድዋን በተመለከተ ብሩ ትክክል ነው። የቀረው ሁሉ የባለቤቱ ሥልጣን ነው።

ለአንባቢ የሚቀር አንድ ማሳሰቢያ አለ። ተራኪው ሲያልፍ ታሪኩ አብሮ ያልፋል፣ ፋኖሱም ቁራሌው እጅ ሲገባ ተራ ቆርቆሮ ይሆናል። ስለዚህ ቡፌው ላይ ካለው ነገር አንዱን አንሡና የማን እንደነበረ፣ ማን እንደሰጠው፣ መቼ ቤት እንደገባ በቤቱ ካሉት ትልቅ ሰው ጠይቁ፤ የሚሉትን በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ ውስጡ አኑሩት። ወንበሩ ላይ ጃንሆይ ተቀምጠውበታል ካሉም ጻፉት፤ ከጎኑ ግን ይህን ያለው ማን እንደሆነ ስሙን ጨምሩበት።