የማይጠረግ ጉም

እሑድ እሑድ የሰንበቴን ገበያ ከመስኮታችን ቁጭ ብሎ ማየት ድሮ ደስ ይል ነበር። ከአፋር በኩል ግመሉን እየነዳ የሚመጣውን፣ ከደጋ እህሉን ጭኖ የሚወርደውን በፊቱ እንለየው ነበር። አሁን የሚታየን ጥላ ብቻ ነው። መስታወቱን በውስጥ በኩል ጠረግሁት፤ ወጥቼም በውጭ በኩል ጠረግሁት፤ ጉሙ ንቅንቅ አላለም። ያለው በሁለቱ መስታወቶች መሀል፣ ጣት በማይደርስበት ቦታ ነው።

ድርብ መስታወቱን ያስገባችው እህቴ ናት። ጅዳ ሰው ቤት ሠርታ ባጠራቀመችው ገንዘብ ቤቱን ስታሳድስ፣ «የደሴ መንገድ መኪና አያስተኛም፤ ሙቀቱም አይቻልም» ብላ ከአዲስ አበባ አስመጣችው። እውነትም በመጀመሪያው ዓመት የከባድ መኪናው ጩኸት ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። በሁለተኛው ክረምት ጠዋት ጠዋት ያልበው ጀመር፤ ረፋድ ላይ ይጠፋል። በሦስተኛው አልጠፋም። ዛሬ ሲደርቅ እንኳ እንደ ኖራ የነጣ ዱካ ይተዋል።

በመስታወቶቹ መሀል ዙሪያውን የሚሄደው ቀጭን ዘንግ ውስጥ እርጥበት የሚመጥ ፍሬ አለ፤ በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ በትንሽ ከረጢት የምናገኘው ዓይነት። ማሸጊያው አንድ ቦታ ከላላ እርጥብ አየር ይገባል፤ ፍሬው እስኪጠግብ ይመጠዋል፤ ከጠገበ በኋላ ውሃው መስታወቱ ላይ ያርፋል። የእኛው እንዳይላላ ምን ያልደረሰበት አለ? አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል። መስታወቱ ከዚያ ተነስቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ወዳለው ጣርማ በር ይወጣል፤ ከዚያ ቁልቁል ወደ ቆላችን ይወርዳል። ውስጡ የታሸገው አየር ሽቅብ ሲሄድ መስታወቱን ይነፋዋል፣ ሲወርድ ይስበዋል፤ የሚጎዳው ጠርዙ ነው። በላዩ ላይ ፀሐያችን አለች።

አቧራውን ደግሞ ማን ያስበዋል! በፍሬሙ ታችኛው ጠርዝ ላይ ውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች አሉ። ባለፈው በቀጭን ሚስማር አንዱን ብወጋው እንደ ሸክላ የደረቀ ጭቃ ወጣ፤ ተከትሎት ጥቁር ውሃ ግድግዳው ላይ ወረደ። ለካ ማሸጊያው ክረምቱን ሙሉ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ኖሯል። መስኮቱን የገጠመው ሰው «ይቺን ቀዳዳ ጥረጉ» ቢለን ምን ነበረበት?

ማሠራቱማ ሌላ መከራ ነው። ከሚሴ ያሳየነው ባለሙያ «ከነፍሬሙ ይቀየር» አለ። ፍሬሙ ምን ሆነና? የሚቀየረው የታሸገው መስታወት ብቻ ነው። ሌላው በስቶ አደረቀውና ወር ሳይሞላ ጉሙ ተመለሰ፤ ማሸጊያው ክፍት ሆኖ እንዴት አይመለስ! ሦስተኛው በውጭ በኩል ሲሊኮን ለቀለቀበትና ውሃውን እዚያው ቆለፈበት። በመጨረሻ ልኩን ወደ አዲስ አበባ ላክን፤ የመጣው በአንድ ሳንቲሜትር ሰፍቶ አልገባም አለ። የታሸገ መስታወት ደግሞ እንደ ተራው ተቆርጦ አይስተካከልም።

የጎረቤቶቻችን የብረት መስኮት መኪና ባለፈ ቁጥር ይንቀጠቀጣል። ግን መስታወቱ ሲሰበር ቆራጩ ከሰፈር ይመጣል፤ ከምሳ በፊት ጨርሶ ይሄዳል። የእኛን ዓይነት የገዛ ሰው ሁሉ ሻጭ አግኝቶ ጠጋኝ አጥቷል፤ ፍሪጅ የገዛውም፣ የፀሐይ መብራት የገዛውም የሚያማርረው ይህንኑ ነው።

እናቴ እሑድ ጠዋት መስኮቱ ሥር ትቀመጥና «ዘነበ እንዴ?» ትላለች። አልዘነበም፤ ጠራራ ፀሐይ ነው። ገበያውን ለማየት መስኮቱን ትከፍተዋለች፤ አቧራውም፣ ሙቀቱም፣ የመኪናውም ጩኸት አብሮ ይገባል።