የአራት ነጥብ ወገኖች፦ አጭር ጥናት

የአማርኛ ዓረፍተ ነገር በአራት ነጥብ ይዘጋል። ፊደል የቆጠረ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ የሚዘጋው ግን ጥቂቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል ሲቀበል ምልክቱ 1362 የሚል የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል። የቤት ቁጥር ያለው ነጥብ በየስልካችን ለምን ደጅ እንደሚያድር መመርመር ግድ ሆኗል።

ጸሐፍት በሦስት ወገን ይከፈላሉ። አንደኞቹ ትክክለኛውን «።» የሚያስቀምጡ ናቸው። መምህራንና አራሚዎች ስለሚበዙባቸው ለጥናት አይመቹም፤ እንለፋቸው።

ሁለተኞቹ ገጣጣሚዎች ናቸው። ሁለት ሲደመር ሁለት አራት ነው ከሚል የማይነቀፍ ሒሳብ ይነሣሉ። በሚገጥሙት ዕቃ ይለያያሉ፤ የፈረንጁን ሁለት ነጥብ የሚደግም አለ (::)፣ የአገሩን የሚደግም አለ (፡፡)። የኋለኛው ሥራ በዓይን ሲታይ ከእውነተኛው አይለይም። ጉዱ የሚወጣው አራሚ ኮምፒውተሩን አራት ነጥብ ፈልግ ሲለው ነው፤ ሠላሳ ገጽ አገላብጦ አንድም ዓረፍተ ነገር አላለቀም ይለዋል። ቢሆንም ገጣጣሚዎችን አትውቀሱ። ብራና ላይ በየቃሉ መሃል ዘብ ቆሞ የኖረው ሁለት ነጥብ፣ በቦታው ባዶ ቦታ ሲሾምበት ሥራ ፈትቶ ነበር። ጥንድ ጥንድ አድርገው የቀጠሩት እነሱ ናቸው።

ገጣጣሚ በአቀማመጥም አጣባቂና አራቂ ተብሎ ይለያል። አራቂው ከቃሉ አንድ ባዶ ቦታ ፈቀቅ ብሎ ነው ነጥቦቹን የሚያኖረው፤ ለአክብሮት ይመስለኛል። መስመሩ ሲሞላ ታዲያ «ነው» ከላይ ይቀርና ነጥቦቹ ብቻቸውን ወርደው ቀጣዩን መስመር ይከፍታሉ። አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ «ለክቡራን ደንበኞቻችን» ብሎ የጀመረ ማስታወቂያ «በትሕትና እንገልጻለን» ላይ ደርሶ ቦታ አልቆበት፣ አራቱ ነጥቦች ታች ከማኅተሙ አጠገብ ወርደው አይቻለሁ። ባለጉዳዩ ሁሉ የኃላፊው ፊርማ መስሎት ያልፋል። አራቂነት ወጪም አለው። አንድ አጭር የስልክ መልእክት በላቲን 160፣ በግዕዝ ፊደል ግን 70 ምልክት ብቻ ይይዛል፤ አራቂው ከ70ው ሦስቱን ዝም ለማለት ይከፍላል።

ሦስተኞቹ ነጥብ የለሾች ሲሆኑ በእናቶች ይመራሉ። ናሙና፦ «እንደምን አደርክ ልጄ በላህ ወይ ብርዱ እንዴት ነው አክስትህ ሰላም ብላሃለች ሽንኩርት ረከሰ ያ ልጅ አገባ ደውል»። የት እንደሚተነፈስ ለአንባቢው ሳንባ የተተወ ነው። ወጣቶቹም እዚሁ ይመደባሉ፤ ከነሱ ዘንድ አራት ነጥብ የሚወጣው ለጠብ ብቻ ነው። «እሺ» እሺ ነው፤ «እሺ።» ግን ሽማግሌ ያስልካል።

በሦስት ነጥብ (...) የሚኖሩ፣ ቃለ አጋኖ በደርዘን የሚደረድሩ፣ «ጉዳዩ፡-» ብለው ሁለት ነጥብን ከሰረዝ ጋር የሚያጋቡ ጸሐፊዎችም አሉ። ሁሉንም ልመድብ ተነሥቼ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ወዳጄ በአንዲት መልእክት ውስጥ ሁሉንም ወገን ስለሆነብኝ ምደባውን ትቼዋለሁ። የነጠላ ሰረዝና የድርብ ሰረዝ ጥናት ደግሞ አልተጀመረም፤ «፣»ን ከ«፤» በስልክ መስተዋት ላይ የሚለይ ዓይን ያለው ረዳት አላገኘሁም።