ስምንት ያርድ ሱፍ

ኤድንበራ ለሰርግ የተጠራ ሐበሻ ሙሉ ሱፉን ሻንጣው ውስጥ አጣጥፎ ሄዶ፣ ሮያል ማይል በተባለው ጎዳና ካሉት ሱቆች አንዱ ገብቶ ለኪልት፣ ለስኮትላንዳውያን የወንድ ሽንሽን ጉርድ፣ እጁን ይሰጣል። ባለሱቁ ከወገቡ ልክ አስቀድሞ የሚጠይቀው የጎሣ ስም ነው፤ የጨርቁ ጥለት በየጎሣው ነዋ። «የለኝም» ቢለውም ቅር አይሰኝም፤ ጎሣ ለሌለውም የሚሆን ጨርቅ አለ፤ ዋጋው ግን ጎሣ ካለው አይቀንስም።

የጎሣ ጥለቱ ነገር ሲያዩት ከኖህ ዘመን የመጣ ይመስላል፤ ግን የቅርብ ነው። የለንደን መንግሥት በ1746 እ.ኤ.አ. የስኮትላንድ ደገኞችን ልብስ በሕግ ከለከለ፣ በ1782 ፈቀደ። በ1822 ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ኤድንበራን ሲጎበኝ፣ ደራሲው ዋልተር ስኮት ሥነ ሥርዓቱን አሰናድቶ መኳንንቱን በየጎሣው ኪልት አሰለፈ። ንጉሡም ለበሰ፤ ያውም ከሥሩ ሮዝ ታይት አድርጎ! ከዚያ ወዲህ ሸማኔው ጥለት ያወጣል፣ ጎሣው «የአባቶቼ ነው» ይላል። እኛ ዘንድ ቢሆን ለጥለቱ ብቻ ኮሚቴ ይቋቋም ነበር።

ደህና ኪልት ስምንት ያርድ፣ ሰባት ሜትር ያህል ሱፍ ይፈጃል። ሽንሽኑ ከኋላ፣ ለጥ ያለው ከፊት ነው፤ ገልብጦ የለበሰ እንግዳ ከሩቅ ያስታውቃል። ኪስ ስለሌለው ከፊት የቆዳ ቦርሳ ይንጠለጠላል። ካልሲው ውስጥ ትንሽ ቢላ ይሻጣል፤ ለሰርግ!

ከሥሩ ምን እንደሚለበስ የተጠየቀ ስኮትላንዳዊ ፈገግ ብሎ ያልፋል። የልጃቸው የኪልት ፎቶ አዲስ አበባ የደረሳቸው እናት ግን በፈገግታ አይታለፉም፦ «ሱሪህን ማን ወሰደብህ ልጄ?»