ገለምሶ ሲሄዱ መጀመሪያ ይብሉ

ጃፓን ሄደው በአንድ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ሰፈር ቀኑን ሙሉ እየተዘዋወሩ መብላት እንዳማረዎት አውቃለሁ። በስልክዎ ያዩት ቪዲዮ ነው ጉዱ። ቶኪዮ ውስጥ አሳኩሳ የሚባል ሰፈር አለ፤ ሴንሶጂ ወደተባለው ቤተ መቅደስ በሚያስገባው መንገድ ግራና ቀኝ ሱቅ ተደርድሮ የሩዝ ብስኩቱ ይጠበሳል፣ ጣፋጩ ይጋገራል፣ ተሳላሚውም አንድ እጁን ለጸሎት፣ አንዱን ለኪሱ አድርጎ ያዘግማል። ታሪኩም ደስ ይላል፤ በ628 እ.ኤ.አ. ሁለት ወንድማማች ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ቢስቡ ካኖን የምትባለው የቡድሂስቶች የምሕረት እመቤት ምስል ወጣላቸው ይባላል። ይሁንና የአውሮፕላኑን ዋጋ ጠይቀዋል፤ የቪዛውንም ነገር ሰምተዋል። እንግዲህ በጽሞና ያድምጡኝ፤ ገለምሶ ይሂዱ።

አይሳቁ። ገለምሶ የምትገኝበት የሐረርጌው ጨርጨርና ጃፓን የቆየ ትውውቅ አላቸው። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት የጃፓኑን የሜጂ ሕገ መንግሥት እያዩ ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከዚያ በፊት የጨርጨር ገዥ ነበሩ፤ አውራጃውን ለሌላው አገር ምሳሌ ለማድረግ የደከሙባት ከተማም አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ ናት። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ደግሞ በ1924 ጃፓን ደርሰው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን አሳተሙ። ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ባቡር ከጨርጨር ተራሮች ግርጌ በሚኤሶ በኩል ነው የሚያልፈው። ብላቴን ጌታ እዚያው ወርደው ሽቅብ ቢወጡ ለመንግሥት ብዙ ወጪ በተረፈ ነበር፤ ምን ይደረግ፣ የተላኩት ለሌላ ጉዳይ ሆነ። በጉዞዎ የሚያሾፍ ሰው ካለ እነዚህን ሁለት ስሞች ይጥሩለትና ዝም ይላል።

ከአዲስ አበባ ሌሊት ይነሡ። ከመነሣትዎ በፊት የመንገዱን ሰላም ከሾፌሮች ያጣሩ፤ ይህች እንኳ ቀልድ አይደለችም። አዋሽን ተሻግረው ሜዳውን ሲያጋምሱ የአሰቦት ተራራ ይመጣል፤ የአቡነ ሳሙኤል ገዳም ያለው እዚያ ላይ ነው። ለእሱ ሌላ ቀን ይመድቡ፤ ገዳም በመኪና መስኮት አይሳለሙትም። ከሚኤሶ ወደ ጭሮ ሽቅቡን ሲይዙ አየሩ ይለወጣል። ከጭሮ ወደ ደቡብ ታጥፈው በበዴሳ በኩል ይቀጥላሉ። የኩኒ ሙክታር የደጋ አጋዘን መጠለያ በዚህ አገር ነው፤ አጋዘኑ ባይታይዎት አይዘኑ፣ እሱም እርስዎን የማየት ግዴታ የለበትም። ከወዲያ በኩል ጡሩምባውን እየነፋ የሚከንፍ መኪና ከመጣ ግን ዳር ይያዙ። አምቡላንስ አይደለም፤ ጫት ነው። ጫት ከተቀጠፈ በሁለት ቀን ውስጥ ካልተቃመ ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገሩ እየተሰበረ ኃይሉ ይከዳዋል፤ ሾፌሩ የሚሽቀዳደመው ከዚህ ኬሚስትሪ ጋር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ «ገለምሶ አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስለ ከተማ እየጠየቀ አይደለም፤ ከበለጬና ከወንዶ አማርጦ ቅጠል እየገዛ ነው። እርስዎ ከተማዋን ብለው መምጣትዎ በራሱ እንግዳ ነገር መሆኑን ልብ ይበሉ።

አሁን ወደ ዋናው ምክሬ ልግባ። ይኸው ካቲኖን የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። የአሳኩሳ ጎብኚ መጀመሪያ ተሳልሞ ቢበላ፣ በልቶም ቢሳለም ግድ የለውም፤ ገለምሶ ላይ ግን ቅደም ተከተል የተሳሳተ ሰው እስከ ማግሥት ጦሙን ያድራል። ስለዚህ መብል ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት ይለቅ። ሰባት ሰዓት ያልኩት በጥንቃቄ ነው። ከዚያ በኋላ ከተማው በሙሉ ወደ ምንጣፍ ይሄዳል።

ሲደርሱ በፈጢራና በፉል ይጀምሩ፤ ግን አይጥገቡ። ለምሳ ሁልበት መረቅ ይፈልጉ። አብሹ ተዘፍዝፎ ነጭ አረፋ እስኪሆን ይመታና የጋለ የሥጋ መረቅ ላይ ይደረጋል፤ መጀመሪያ ምላስ ላይ ትንሽ ይመራል፣ ቀጥሎ መረቁ ይመጣና ምሬቱን ይዞት ይወርዳል። ከማሽላ እንጀራ ጋር ነው ደጉ። የማሽላ እንጀራ ጨዋታ አያውቅም፤ ሲቀዘቅዝ ይደርቅና እጅ ላይ ይፈረፈራል፣ ስለዚህ ፎቶውን ተወት አድርገው በሙቁ ይብሉ። ሥጋ ቤት ከገቡ የክርስቲያን ይሁን የሙስሊም መሆኑን አይተው ይግቡ፤ ባለቤቱ አይቆጣዎትም፣ አብሮዎት የመጣው ሰው ግን ደጅ ቆሞ ሊቀር ይችላል። በአሳኩሳው የሱቅ መንገድ እየሄዱ መብላት አይወደድም፤ ገዝተው እዚያው ሱቁ ፊት ቆመው ይጨርሳሉ። እናትዎ ይህንኑ ሲነግሩዎት ነው ያደጉት፤ ስለዚህ በሥነ ምግባር በኩል ጃፓን የሚያስተምርዎት ብዙ የለም።

አንድ ነገር ቀድመው ይወቁ። እኔ እዚህ «እርስዎ» እያልኩ ወገቤን ሰብሬ ነው የምጽፈው፤ እዚያ ግን አስተናጋጁ ልጅ «አንተ፣ ምን ልጨምርልህ?» ይልዎታል። ሽበትዎን አይቶ ነው። ሐረርጌ ላይ አንቱታ ብርቅ ነው፣ ፍቅሩ ግን አይጎድልም። ሊቆጡ ሲሉ «አቦ!» ብሎ ትከሻዎን መታ ያደርጋል፤ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። ተመልሰው አንቱ ሲባሉ ብርድ ብርድ ይልዎታል።

ሆድዎ ከሞላ የከተማዋን መስጊድ ይሳለሙ። ገለምሶ ስሟ በቅጠል ከመጠራቱ በፊት የቂርአት ከተማ ነበረች፤ የእስልምና ትምህርቷ የሚያያዘውም ከሼኽ ዑመር አልዬ ጋር ነው። ቁርኣንን ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙት ሼኽ መሐመድ ረሻድም የተወለዱት እዚሁ አቅራቢያ ለጋ አርባ ነው። ጃፓን ቢሆን ለዚህ ሁሉ ትኬት ይቆረጥ ነበር፣ በራፉ ላይም የሼኹ ስም የታተመበት ማራገቢያ ይሸጥልዎት ነበር። እዚህ የሚቆርጥልዎ የለም። ጫማዎን ያወልቁ፣ የሶላት ሰዓት ከሆነ ደጅ ይቆዩ፣ ለፎቶ ያስፈቅዱ፣ ሴት ከሆኑም ሻሽዎ ይኑር። በሴንሶጂ ደጅ ተሳላሚው እጁን የሚታጠብበት ውኃ አለ፣ የዕጣኑን ጭስም ወደ ራሱ እየሳበ ወደሚያመው ቦታ ይመራዋል። ውዱእና ዕጣን አይቶ ያደገ ሰው ለዚህ አስጎብኚ አይፈልግም። ትልቅ ሕንፃ ፈልገው ከሆነ የመጡት ግን ይከፋዎታል። እዚህ የሚጎበኘው በአብዛኛው ሰው ነው፤ አንድ ሽማግሌ አጠገብ ተቀምጠው ማን ማንን እንዳስቀራ ይጠይቁ፣ ሰንሰለቱን ወደ ኋላ እየቆጠሩ ይወስዱዎታል። የሚሰጡዎት ዓመተ ምሕረት ካለዎት መጽሐፍ ጋር ባይገጥም አይከራከሩ። ማስታወሻ ይያዙ።

ቡና ይጠጡ። ጨርጨር የሐረር ቡና አገር ነው፤ ከነገለፈቱ በፀሐይ የሚደርቀው፣ ዓለም ሞካ እያለ የለመደው። ታዲያ በየቤቱ ሲገቡ የሚቀርብልዎት ብዙ ጊዜ ገለፈቱ በወተት ፈልቶ፣ ወይም የቡናው ቅጠል ተቆልቶ ቁጢ ሆኖ ነው። ፍሬው ገበያ ሄዷል። ያን ፍሬ ከዋነኞቹ ገዢዎች አንዷ ሆና ስትሸምት የኖረችው ጃፓን ደግሞ በ2000 ዓ.ም. የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘሁበት ብላ ግዢዋን ልታቆም ምንም አልቀራት። ገበሬው ከሩቅ አገር የላቦራቶሪ ውጤት ይልቅ በዓመት ደጋግሞ የሚቀጠፈውንና በማግሥቱ ብር የሚሆነውን ቅጠል ቢመርጥ እኔ አልፈርድበትም። ቡናው እየተነቀለ ጫት የሚተከልበትን ማሳ ሲያዩ ግን የሚጎበኙት ነገር እየቀነሰ መሆኑን ይወቁ፤ ከዚህ ሁሉ ጉዞ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ በርጫ ይጠራሉ። እምቢ አይበሉ። ባይቅሙ እንኳ ሻይዎን ይዘው ይቀመጡ፤ ለማይቅም ሰው ለውዝ አለ። መጀመሪያ ዱዓ ይደረጋል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ጥርስ የከዳቸው አዛውንት ቀንበጡን በትንሽ ሙቀጫ ወቅጠው በጣታቸው ቆንጠር ያደርጋሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ወሬው ስለ ዋጋ ነው። አሥር ሰዓት ላይ ምርቃናው ይገባና ገለምሶ ትለማለች። አንዱ ከሼኽ ዑመር ታሪክ ሙዚየም ይሠራል፣ ሌላው በኩኒ ተራራ ላይ ሎጅ ያቆማል፣ ሦስተኛው የመቻራን ዋሻዎች መብራት ያስገባላቸዋል፣ እርስዎም ሳያስቡት የአስጎብኚዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ሆነው ይመረጣሉ። ከአሳኩሳ የሚበልጥ ከተማ ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም ዝም ይላል፣ አንዱ ገራባውን ይጠርጋል፣ ሙዚየሙም አብሮ ይጠረጋል።

እራት ይቀርብልዎታል፤ አይበሉትም። እንቅልፍም አይመጣም። ይህን ሰዓት በከንቱ አያሳልፉት። ከሽማግሌው የሰሙትን ከማስታወሻዎ አውጥተው አስተካክለው ይጻፉ፣ ጠዋት ፈጢራው ሳይቀዘቅዝ ከበርጫው እቅዶች ሥራ ላይ ሊውል የሚችለውን አንዱን ብቻ ይምረጡ፣ ገና ማንም ሳይቅም በወረቀት አስፍረው ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያስገቡ። የገቢ ደብዳቤ ቁጥር መቀበልዎን አይርሱ።